ሹመት ያዳብር ከማለት በፊት

ታላቅ እህቴ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ናት። ትምህርት ቤቷ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከአስፋልቱ ወርደው በባጃጅ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ በእግር በሚደርሱበት ቀበሌ ይገኛል። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ስልክ ደወለችልኝና፣ “ወደ ከተማው ትምህርት ቤት አዛወሩኝ” አለችኝ። የከተማው ትምህርት ቤት መብራትና ውኃ አለው፤ የተማሪው ቁጥር ከእርሷ ትምህርት ቤት በእጥፍ ይበልጣል፤ ከዚያ ወንበር የተነሣ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁና አላመነታሁም። “ሹመት ያዳብር!” አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” ስል፣ “አለሁ” አለችኝ። ቀጥላም፣ “እስቲ ጋዜጠኛ ነኝ ትል የለ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዚህ ብሄድ በደልኩ ማለት ነው? ብቀርስ ሞኝ መሆኔ ነው?” አለች።

የዚያን ማታ መልስ አልነበረኝም። “እታለም፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ” ብዬ ወሬውን ወደ ልጆቿ ጤንነት አዞርኩት። ጥያቄው ግን እኔን አልለቀቀኝም። እነሆ ይህ ጽሑፍ የዚያ ማታ ዕዳ መክፈያ ነው።

በቅድሚያ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ላስረዳ። እህቴ ወደዚያ ትምህርት ቤት የተመደበችው ከ3 ዓመት በፊት ሲሆን፣ በ5 ዓመት ውስጥ 4ኛዋ ዲሬክተር ነበረች። መምህራኑ ክፉዎች አልነበሩም፤ ልምድ ግን አስተምሯቸዋል። አዲስ የመጣ ዲሬክተር ሁሉ በመጀመሪያው ስብሰባ አዲስ ዕቅድ ያነብባል። እነርሱም በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአዳራሹ ሲወጡ ግን፣ “የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ” ይባባላሉ። በአበው ምሳሌ መሠረት ብልኅ ሰው ዶፍ ሲመጣ ጥግ ይዞ ያሳልፋል እንጂ አይደበደብም። እነርሱም 3 ዲሬክተሮችን ጥግ ይዘው አሳልፈዋል። ይሁንና ይህ ምሳሌ ገበሬ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ትርጉም እንዳለው አንርሳ፤ የሚያልፍ ዝናብ አያበቅልም።

እህቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ነገር አየች። የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ሀ ሁን በዜማ አንድ ሳይስቱ ያወርዱታል። ከመካከል ጣቷን አሳርፋ “ይህቺ ማን ናት?” ብትላቸው ግን ከ‘ሀ’ ጀምረው እየዘመሩ ካልቆጠሩ በስተቀር አያገኟትም። ይህ የእርሷ ትምህርት ቤት ብቻ ጉድ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ የ2ኛ ክፍል ትምህርታቸውን እያገባደዱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። እርሷም አንድ ደብተር አሰመረች። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ በረንዳው ላይ ለብቻው እየተጠራ በመምህሩ ፊት ያነብባል፤ የተሰናከለበት ፊደልም በስሙ ትይዩ ይጻፋል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን የሚሠሩት እርሷና አንዲት ወጣት መምህርት ብቻ ነበሩ። በ3ኛው ዓመት አምስቱም የታችኛው ክፍል መምህራን ገቡበት። ጥግ ይዘው የነበሩት ከጥጋቸው ወጡ። ዝውውሩም የመጣው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

*

ለመሆኑ በእኛ አገር አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የሚያድገው ወዴት ነው?

መምህሩ የራሱ መሰላል አለው። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እየተባለ ይወጣል። ደመወዙ በቂ ነው አልልም፤ መሰላሉን ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ መውጣት ይችላል። ለርዕሰ መምህሩም በወረቀት ላይ የደረጃ ዕድገት አለው። ሆኖም ዲሬክተሮች ሻይ ቤት ሲገናኙ “እገሌ አደገ” የሚሉት ማንን እንደሆነ ያዳመጠ ሰው እውነቱን ያውቃል። አደገ የሚባለው ከገጠር ወደ መንገድ ዳር፣ ከመንገድ ዳር ወደ ወረዳው ከተማ የመጣው ነው፤ የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር የሆነው ነው፤ ከዚያም አልፎ ጽሕፈት ቤት የገባው ነው። ባለበት ሆኖ “አደገ” የተባለ ዲሬክተር እኔ አልሰማሁም። “እስካሁን እዚያው ነው?” ይባላል እንጂ። ይህቺ “እስካሁን” የምትባል ቃል ስንት ጎበዝ ከጎጆው እንዳፈናቀለች ቤት ይቁጠረው።

ዕድገቱን ያስገኘለትንም ነገር ተመልከቱ። እህቴ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ቤት አመራር ሥልጠና ወስዳለች። የምስክር ወረቀቱ የእርሷ ነው፤ በሻንጣዋ ይሄዳል። የአገልግሎት ዘመኗ የእርሷ ነው። የሥራ አፈጻጸም ነጥቧ የእርሷ ነው። የኢንስፔክሽን ባለሙያዎች መጥተው ትምህርት ቤቱን ከ4ቱ ደረጃዎች በአንዱ ሲመድቡት፣ እርሷ እያለች ከፍ ካለ ምስጋናው የእርሷ ይሆናል። ከሄደች በኋላ ዝቅ ቢል ወቀሳው የተተኪው ነው። እንግዲህ ሁሉም የሚቆጠረው ከሰውየው ጋር የሚሄደው ነው። ትምህርት ቤቱ ዘንድ የሚቀረውን የሚቆጥር የለም።

ይህ የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ጎበዝ ዲሬክተር በገጠር ይለማመዳል፤ ሲበስል ከተማ ይገባል፤ በእርሱ ቦታ ደግሞ ሌላ ጀማሪ ይላካል። ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ፊደል ለመቁጠር ለሚታገለው የገጠር ልጅ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዲሬክተሩ መሰላል ሲወጣ፣ የሚረግጠው እርከን ያ ልጅ ነው።

*

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስልህ። እኔ ራሴ የዲሬክተር ልጅ ነኝ። አባታችን ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት ድረስ 5 ትምህርት ቤቶችን አስተዳድረዋል። እኔ በ3ቱ ተምሬያለሁ። የልጅነቴ ዘመን መለያ በዓል ወይም መኸር አይደለም፤ ሰማያዊው የብረት ሳጥን ከአልጋ ሥር የሚወጣበት ቀን ነው። ሳጥኑ ከወጣ መዛወራችን ነው። የሽኝት ሻይ ይጠጣል፤ ወላጆች ጋቢ ያለብሷቸዋል፤ መምህራኑ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። እናታችን ጋቢዎቹን እያጣጠፈች፣ “ዘንድሮም ጎረቤት ልለምድ ነው” ትል ነበር። አበው “አገርህ ወዴት ነው ቢሉት፣ ገና አላገባሁም አለ” ይላሉ። አባታችን አግብተው፣ ወልደው፣ ጋቢ ለብሰውም አገራቸው የት እንደሆነ በቅጡ የሚመልሱ አይመስለኝም ነበር።

ከ5ቱ ትምህርት ቤቶች የ2ቱን ታሪክ ልንገርህ።

በአንደኛው አባታችን ተአምር ሠርተዋል። ባዶ የነበረውን ክፍል ቤተ መጻሕፍት አደረጉት። መጽሐፍ ከየመሥሪያ ቤቱ ለምነው፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣራ አስጭነው አመጡ። መደርደሪያውን በገዛ እጃቸው ሚስማር እየመቱ ሠሩት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው ገብቼ አቧራ አራግፍ ነበር። ቁልፉ ከኪሳቸው አይለይም፤ መጽሐፍ የሚያውሱትም፣ የሚመዘግቡትም፣ የሚቆጡትም እርሳቸው ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. ስንዛወር ቁልፉን በርክክብ ሰነድ ፈርመው አስረከቡ። ከ2 ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎራ ብዬ በመስኮቱ ተመለከትኩ። የተሰባበረ ዴስክ እስከ ጣራው ተከምሮበታል። መጽሐፎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ አልነበረም። ተተኪውን ዲሬክተር ለረጅም ጊዜ ስወቅስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ፤ ያ ቤተ መጻሕፍት መቼ የትምህርት ቤቱ ሆኖ ያውቃል? የአባታችን ነበር። እርሳቸው ሲሄዱ እርሱም አብሮ ሄደ፤ መጽሐፎቹ ብቻ ቀሩ።

በሌላኛው ትምህርት ቤት አባታችን ይህን የሚያህል ሥራ አልሠሩም። እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት በጠና ታመው ለወራት ተኝተው ነበር። ሥራውን ምክትላቸውና ዩኒት መሪዎቹ ተከፋፍለው ያዙት። የማን ክፍል ምን ላይ እንዳለ ለማወቅ የሚቆጣጠራቸው ዲሬክተር ስለሌለ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዱ መምህር ሌላው ክፍል ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ ጀመር። ከዚያ ሻይ እየጠጡ ያዩትን ይነጋገራሉ። አባታችን አገግመው ሲመለሱ ነገሩን ወደዱትና እንዲቀጥል አደረጉ፤ ያደረጉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ ጽሑፍ ፍለጋ በዚያ አካባቢ ስሄድ ትምህርት ቤቱን አየሁት። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አንዲት መምህርት የሌላ መምህር ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ በመስኮት አየሁ። የአባታችንን ስም የሚያውቅ አንድ እንኳ አላገኘሁም። በር ላይ የቆሙትን ዘበኛ፣ “ይህ ነገር መቼ ተጀመረ?” አልኳቸው። ሽማግሌው ጥያቄዬ አስገርሟቸው፣ “ድሮም እንዲህ ነው” አሉኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ። “እኔ እኮ ያኔ በሽተኛ ነበርኩ” አሉኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ከእህቴ ጋር በስልክ ስነጋገር በድጋሚ የሰማሁት ይመስለኛል።

*

እንግዲህ ችግሩ መዛወሩ ነው? አይደለም። ባሉበት መቅረት በራሱ ጽድቅ ቢሆን ኖሮ፣ 20 ዓመት በአንድ ወንበር የተቀመጠ ዲሬክተር ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው እናውቀዋለን። በሩ ሲንኳኳ የሚሰማው ሲፈልግ ነው፤ የክበቡን ኪራይ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ አዲስ መምህር ሐሳብ ሲያመጣ “እዚህ እንዲህ አይሠራም” ይለዋል። ለእርሱ መዛወር የሚበጅ ለትምህርት ቤቱ ነው።

አያቶቻችን መሬትን በ2 መንገድ ይዘው ነበር። ርስት ነበረ፤ ጉልት ነበረ። ርስት ከአያት የወረደ፣ ለልጅ የሚተላለፍ የራስ ይዞታ ነው። ጉልት ደግሞ ከሹመት ጋር የሚሰጥ፣ ባለ ጉልቱ ግብሩን የሚበላበት፣ ሹመቱ ሲያበቃ የሚያበቃ መብት ነው። ባለ ርስት መሬቱን ይወዳል፤ ነገር ግን ማንንም አያስደርስበትም። ባለ ጉልት መሬቱ ነገ የሌላ ነውና ግቡ ዛሬ የሚያስገባው ነው። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ምሳሌ የባለ ጉልት ፍልስፍና ነው። መሬቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲታወጅበት ርስቱም ጉልቱም ቀረ። ጠባዩ ግን በጽሕፈት ቤቶቻችን የቀረ አይመስለኝም። 20 ዓመት የቀረው ዲሬክተር ትምህርት ቤቱን ርስት አድርጎታል። ለቀጣዩ ወንበር ነጥብ የሚሰበስብበት ዲሬክተር ደግሞ ጉልት አድርጎታል። ገንዘብ ባይበላም፣ ጊዜ በልቷል፤ የመምህራኑን እምነት በልቷል።

በአማርኛችን ግን 3ኛ ቃል አለ፤ አደራ የሚባል። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እንደ ራሱ ዕቃ ይጠብቀዋል፤ ባለቤቱ ሲመጣም ይመልሰዋል። አደራ ውስጥ መልቀቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የአደራ ፍጻሜው መመለስ ነው። ነውሩ ዕቃውን ጎድሎ መመለስ፣ ወይም ለማን እንደሚሰጡ ሳያውቁ ጥሎ መሄድ ነው። “አደራ በላ” የሚለው ስድብ ከሌባ የበለጠ የሚያሳፍረውም ስለዚህ ነው። እህቴ “ብሄድ በደልኩ ማለት ነው?” ስትል የጠየቀችኝ፣ አሁን ሳስበው፣ አደራዬን ለማን ልስጥ ብላ ነው።

*

የጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ጥያቄ የፈታው በተቃራኒው መንገድ ነው። የሚዞረው ተማሪው ነበር፤ የኔታ በጉባኤ ቤታቸው ይቀመጣሉ። ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ይሄዳል፤ ድጓ ሊያስመሰክር ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሻ ዙር አምባ ይወጣል። ተማሪው ኮፎውን ጥሎ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ ዓመታት ይዞራል። ሊቁ ግን ያደጉ የሚባሉት ወደ ሌላ ደብር ስለተዛወሩ አልነበረም። ደቀ መዛሙርታቸው ስለበዙና ከእነዚያ መካከል ወንበር የሚተካ ስለተገኘ ነው። ዛሬ ተማሪው ተቀምጦ መምህሩና ዲሬክተሩ ይዞራሉ። ወደዚያ ዘመን እንመለስ አልልም፤ የ7 ዓመት ልጅ ከውሻ ይታገል የሚል የለም። ነገር ግን ዕድገትን በመንገድ ርዝመት ሳይሆን በተተኪ የመለካቱን ልማድ ለምን ጣልነው?

ከዘመናዊው ትምህርት ታሪካችንም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሉስየን ማት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስተዳደሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበለጠ ኃላፊነት ተጠሩና፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቁመው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዲሬክተርነት ወደ ፕሬዚዳንትነት፤ ከዚህ በላይ ዕድገት የለም። ሰውዬው አንድ ብቻቸውን ስላልነበሩ ግን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አልቀረም። ሥራውን የሚያውቁ፣ አንድ ሥርዓት ያሳደጋቸው የማኅበር ባልደረቦቻቸው ከኋላ ነበሩ። የገጠሯ ዲሬክተር ከኋላዋ ማን አለ? ብዙ ጊዜ፣ ለሹመቱ ያልተዘጋጀና ደብዳቤ የደረሰው ማንም።

ውጭ አገርም ዲሬክተርን ማዛወር ያለ ነገር ነው። በጃፓን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዲሬክተሮች ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወራቸው የተለመደ ነው። ሆኖም መምህራኑ አንድን ትምህርት በጋራ የሚያዘጋጁበት፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተቀምጠው የሚያዩበትና ኋላ የሚወያዩበት፣ ጁግዮ ኬንኪዩ የሚሉት ከ100 ዓመት ያላነሰ ልማድ አላቸው። ዲሬክተሩ ሲሄድ ልማዱ ይቀራል። (አባታችን በሽታ ላይ ሳሉ የበቀለችው የዓርብ ልማድ የዚህ የሩቅ ዘመድ መሆኗን ያወቅሁት በቅርቡ ነው።) በቻይና ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥት መመሪያ ዲሬክተሮችና መምህራን በአንድ ወረዳ ውስጥ ከጠንካራው ትምህርት ቤት ወደ ደካማው፣ ከከተማው ወደ ገጠሩ እንዲዘዋወሩ ያዝዛል። ትእዛዝና ተግባር ሁልጊዜ አይገናኙም፤ እንዲህም ሆኖ የመንገዱን አቅጣጫ ልብ በሉ። የእኛው መንገድ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስኬድ ነው።

በትምህርት አመራር ላይ የጻፉት አንዲ ሐርግሪቭስና ዲን ፊንክ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ዘላቂ አመራር የሚሟላቸውን 7 መርሖዎች ይዘረዝራሉ። ከእነዚህ አንዱ ሥራው ከሰውየው በኋላ መዝለቁ ነው፤ ሌላው ደግሞ ፍትሕ ነው፤ የአንዱ ትምህርት ቤት መልካምነት ሌላውን በማራቆት እንዳይገኝ ማለታቸው ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ሐሳብ ወደ ቤታችን ቋንቋ ብንመልሰው ያው ነው፤ አደራ።

*

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሹም አይደለሁም፤ መመሪያ የማውጣት ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን ለ2 ወገኖች የምለው አለኝ።

ለአዛዡ ወገን የምለው ይህ ነው። የርክክብ ሰነዱን አውጡና አንብቡት። ስንት ዴስክ፣ ስንት ጥቁር ሰሌዳ፣ የካዝና ቁልፍ፣ ክብ ማኅተም ይላል። ስንት ልጅ ማንበብ አይችልም የሚል መስመር የለውም። የትኛው መምህር ምን ጀምሯል፣ ከወላጆች ጋር የተያዘው ቀጠሮ ምንድን ነው የሚል የለውም። ሁለተኛ፣ ሰው ስታዛውሩ በዓመቱ መካከል ለምን ይሆናል? የገበሬን በሬ በእርሻ መካከል የሚፈታ የለም። ሄያጁና መጪው ጥቂት ሳምንት አብረው ይሥሩ። ሦስተኛ፣ የዲሬክተርን ዕድገት ስትመዝኑ፣ ጥሎት የሄደው ትምህርት ቤት ከ2 ዓመት በኋላ ምን ላይ እንዳለ ጠይቁ። ይህ ነጥብ ቢኖር ስንቱ ዲሬክተር ምክትሉን ማሠልጠን በጀመረ ነበር። በመጨረሻም፣ ባለበት ማደግ የሚቻልበትን በር ክፈቱ። ገጠር ቆይቶ ትምህርት ቤቱን ያሻሻለ ዲሬክተር በደመወዝም በክብርም ከከተማው ዲሬክተር የማያንስበት ደረጃ ይኑር። ለሚቀር ሰው ምሕረት እንደሚደረግለት ሁሉ “እስካሁን እዚያው ነው?” የምንለውን ያን ጊዜ እንተዋለን።

ለዲሬክተሩ ወገን የምለው ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም መመሪያ ሳይጠብቅ ዛሬ ሊደረግ የሚችል ነው። ማደግ መብትህ ነው። ልጆች አሉህ፤ የቤት ኪራይ አለብህ፤ ለዓመታት መብራት በሌለበት የኖረ ሰው መብራት መፈለጉ ኃጢአት አይደለም። መሥዋዕትነትን ከገጠር መምህር ብቻ የሚጠብቅ ኅብረተሰብ ራሱ አደራ በላ ነው። ነገር ግን ከተመደብክበት ቀን ጀምሮ እንደሚሄድ ሰው ሥራ። እንደሚሄድ ሰው መሥራት ማለት እንደ ባለ ጉልት መቸኮል አይደለም። ያለ አንተ የማይሠራ ነገር አለመሥራት ማለት ነው። ቁልፉ በ3 ሰው እጅ ይሁን። ደብተሩን ሌላ ሰው ይሙላው። ስምህ ሳይነሣ ሥራው ሲነሣ ቅር አይበልህ። ነቢዩ ኤልያስ ሲያርግ መጎናጸፊያው ወድቆ ለኤልሳዕ ቀርቷል። ኤልሳዕ ግን ከዚያ በፊት ከበሬው ተጠርቶ፣ አብሮት ሲሄድ፣ ሲያገለግለው የኖረ ነው። መጎናጸፊያ ለማያውቀው ሰው ቢወድቅለት ጨርቅ ነው።

ይህ ሐሳብ ክብርን የሚነካ መሆኑን አውቃለሁ። ሁላችንም የማንረሳ መሆን እንፈልጋለን። ዲሬክተር ደግሞ ከማንም በላይ፤ የሽኝቱ ሻይ፣ ጋቢው፣ ፎቶግራፉ የሚሉት ይህንኑ ነው። “እርስዎ ከሄዱ ትምህርት ቤቱ ምን ይሆናል?” ብለው ሲያለቅሱ መስማት ደስ ይላል። ነገር ግን ደስታው ይመርመር። እኔ ከሄድኩ የሚፈርስ ነገር ሠርቻለሁ የሚል ሰው ስለ ሥራው ጥሩ ነገር አልተናገረም። ርዕሰ መምህር የሚለው ማዕረግ ራሱ የመምህራን ራስ ማለት ነው እንጂ የመምህራን ምትክ ማለት አይደለም። “ድሮም እንዲህ ነው” የሚለው የዘበኛው ቃል፣ ስም የሌለበት ቢሆንም፣ ከጋቢው ሁሉ የሚሞቅ ይመስለኛል።

*

ለእህቴ ከ4 ቀን በኋላ መልሼ ደወልኩላት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አላልኳትም፤ በስልክ እንዲህ አይወራም። “መሄድሽ በደል አይደለም። ግን ደብተሩ ያለው ማን ዘንድ ነው?” አልኳት።

“እኔ ዘንድ ነው” አለች። ቀጥላም፣ “እኔም ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት” አለች።

እስከ ሰኔ ልቆይ ብላ ጠየቀች። አልተፈቀደላትም፤ 2 ሳምንት ሰጧት። በ2ቱ ሳምንት ከበረንዳው ራቀች። መጀመሪያ አብራት የጀመረችው ወጣት መምህርት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፤ አምስቱም መምህራን እርስ በርሳቸው ደብተር ተለዋወጡ፤ እህቴ ቢሮዋ ውስጥ ሆና ጆሮዋን ብቻ ሰጠች። “ከሁሉ የከበደኝ” አለችኝ፣ “ሲሳሳቱ ሰምቶ አለመውጣት ነው።” የተተካው ዲሬክተር ሲመጣ ከዴስኩ ቁጥር በፊት የልጆቹን ስም አሳየችው። ሰውዬው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ እርሷም አላወቀች፤ እኔም አላውቅ።

አሁን በከተማው ትምህርት ቤት ወንበሯ ላይ ነች። አዲሶቹ መምህራን በመጀመሪያው ስብሰባ ዕቅዷን ስታነብ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአዳራሹ ሲወጡ ምን እንደተባባሉ ታውቃለች። እርሷም በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን ደብተር አሰምራ ለሌላ ሰው ሰጠች።

የድሮዋን ትምህርት ቤት ከ2 ዓመት በኋላ ዓርብ ሳይሆን በየትኛውም ቀን ሄጄ አያታለሁ። በረንዳው ላይ ልጅ ሲያነብ ካገኘሁ፣ ዘበኛውን መቼ እንደተጀመረ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ለእህቴ ደውዬ፣ ሳላመነታ፣ “ሹመት ያዳብር” እላታለሁ።